ለ48 ዓመት የተኙ ኒሻኖች

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አገሮች ለዜጎቻቸው ኒሻን መስጠት አቆሙ። አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሌላዋ አሁን የምኖርባት ስዊድን ናት።

ኢትዮጵያ ውስጥ መስከረም ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። መጋቢት ላይ ዘውዱ ራሱ በአዋጅ ተሻረ። የሰሎሞን ኒሻን፣ የሥላሴ ኒሻን፣ የምኒልክ ኒሻን፣ የንግሥተ ሳባ ኒሻን፣ የኢትዮጵያ ኮከብ፣ ሁሉም ከዘውዱ ጋር ቀሩ። ስዊድን ውስጥ ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1975፣ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንጉሣውያን ቤተሰብ በቀር ማንም ስዊድናዊ የገዛ አገሩን ኒሻን አይሸለምም ተባለ።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። ግን ልረሳው አልቻልኩም። እኛ ጣልናቸው። ስዊድኖቹ አስተኟቸው። ሰነዱን፣ ማኅተሙን፣ ሪባኑን፣ የሚጠብቀውን መሥሪያ ቤት እንዳለ አስቀመጡት። በፈረንጅ 2023 መሳቢያውን ከፍተው አወጧቸው። ስለዚህ ነገር መጻፍ ከፈለግኩ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኛው ሰው እነዚህን ኒሻኖች የሚያያቸው በቴሌቪዥን ነው። ዲሴምበር 10 በመጣ ቁጥር የኖቤል ሽልማት እራት ከስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት በቀጥታ ይተላለፋል። ወንዶቹ ጥቁር ፍራክ ከነጭ ክራቫት ጋር ይለብሳሉ። አንዳንዱ ደረቱ ላይ ኮከብ አለ። ጥቂቶቹ ከትከሻቸው ወደ ወገባቸው አግድም የሚወርድ ሰፊ ሪባን አድርገዋል። በድሮው የኛ ቤተ መንግሥት አጠራር ኮርዶን ነው። ሰማያዊውን ኮርዶን ካያችሁ የሱራፌል ኒሻን ነው። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ሦስቱ ትልልቅ የስዊድን ኒሻኖች የተቋቋሙት በአንድ ቀን ነው፤ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1748። ያቋቋማቸው ንጉሥ ፍሬድሪክ 1ኛ ነው። የሱራፌል ኒሻን ለነገሥታትና ለአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ሆነ። የሰይፍ ኒሻን ለወታደሩ። የሰሜን ኮከብ ኒሻን ለሲቪል ሹማምንትና ለሊቃውንት። የሰሜን ኮከብ መፈክር «መጥለቅን አያውቅም» ይላል፤ የተጻፈው በላቲን ነው። አራተኛው፣ የቫሳ ኒሻን፣ የመጣው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ጉስታቭ 3ኛ በ1772 ዘውድ በጫነበት ቀን አቋቋመው። ይሄኛው በእርሻ፣ በማዕድን፣ በንግድና በእጅ ሥራ ለለፋ ሰው ነበር። መሀሉ ላይ ያለው ምልክት ነዶ ነው። ሪባኑ አረንጓዴ ነው። እኔ ከአራቱም የምወደው ይሄን ነው። የንጉሥ ኒሻን ላይ የታሰረ ነዶ ማየት ገበሬ ላሳደገው ሰው የሆነ ነገር ይናገራል።

ሱራፌልን ግን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ስቶክሆልም ቤተ መንግሥት ውስጥ ለኒሻኖቹ የተለዩ አዳራሾች አሉ። ማንም ትኬት ቆርጦ ይገባል። በትልልቅ በዓላት አንገት ላይ የሚጠለቀው የወርቅ ሰንሰለት 22 ቁርጥራጭ አለው። 11ዱ የሱራፌል ራሶች ናቸው፤ ክንፍ የከበበው ፊት። 11ዱ ሰማያዊ ድርብ መስቀሎች ናቸው፤ ፓትርያርኮች የሚይዙት ዓይነት። አንድ ፊት፣ አንድ መስቀል፣ አንድ ፊት፣ አንድ መስቀል እያለ ይዞራል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ ሰው እነዚያን ፊቶች ወዲያው ያውቃቸዋል። ከሰንሰለቱ በሚንጠለጠለው ነጭ መስቀል መሀል «ኢየሱስ የሰው ልጆች አዳኝ» ተብለው የሚተረጎሙ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ። ከፊደላቱ ሥር ሦስት ችንካሮች ተሠርተዋል፤ የስቅለቱ ችንካሮች። ዛሬ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ጥቂት በሆነበት አገር የመንግሥቱ ከፍተኛ ክብር የጌታን ችንካር ተሸክሞ ይዞራል። ማንም ይነሣ አላለም። ይሄ ያስገርመኛል፤ ደስም ይለኛል።

ታዲያ ለምን አቆሙ?

የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ስዊድን ሌላ አገር እየሆነች ነበር። ከዚያ በፊት ሰው የሚጠራው በማዕረጉ ነበር። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠውን ዳይሬክተር «ዳይሬክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» ነው የምትሉት። በስድሳዎቹ መጨረሻ ይሄ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረሰ። የመንግሥት የጤና ቦርድ አዲሱ አለቃ ብሮር ሬክሴድ ሥራ ሲጀምር ሠራተኞቹን በሙሉ አንተና አንቺ እንደሚል ነገራቸው። አገሩ ተከተለው። ዛሬ እዚህ ተማሪ አስተማሪውን፣ በሽተኛ ሐኪሙን አንተ ይላል። እርስዎ ብሎ ላደገ ሰው መልመዱ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ መንፈስ መሀል ኒሻን እንደ ድሮ ዕቃ መታየቱ አይገርምም። የሚተቹት ሰዎች የያዙት ክርክር ደግሞ ጠንካራ ነበር። የመንግሥት ሹመኛ የተወሰነ ወንበር ላይ የተወሰነ ዓመት ከተቀመጠ ኒሻኑ ተራውን ጠብቆ ይመጣለት ነበር። ወንበሩ ከፍ ሲል ኒሻኑም ከፍ ይላል። የሠራውና ያልሠራው አይለይም። መንገድ የምትጠርገው፣ አልጋ የምታነጥፈው ግን ስንት ዓመት ብትለፋ ተራው አይደርሳትም። እነሱን ልወቅሳቸው አልችልም። እኔም በዚያ ጊዜ ብኖር አብሬያቸው እጄን የማወጣ ይመስለኛል።

ፓርላማው በ1973 ወሰነ። ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕገ መንግሥት ከጸናበት ቀን ጋር አንድ ላይ ነው። ያ ሕገ መንግሥት የንጉሡን የፖለቲካ ሥልጣን በሙሉ ወሰደ። ዙፋን ላይ የነበሩት ካርል 16ኛ ጉስታፍ ናቸው፤ ከነገሡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸውን እንኳ አልደፈኑም። ዛሬም ንጉሥ እሳቸው ናቸው። የሱራፌልና የሰሜን ኮከብ ኒሻኖች ለውጭ አገር ሰዎች መሰጠታቸው ቀጠለ። የሰይፍና የቫሳ ኒሻኖች ግን ሙሉ በሙሉ ተኙ። በሕጉ ቋንቋም የተሻሩ ሳይሆን ያረፉ ነበሩ። የሰሜን ኮከብ ጥቁር ሪባን ራሱ ተቀይሮ እንደ ባንዲራው ሰማያዊና ቢጫ ሆነ።

ለዜጎች የቀረላቸው ሜዳልያ ነው። የስዊድን ሜዳልያ መጠኑ በቁጥር ይጠራል። ስምንተኛ መጠን፣ አሥራ ሁለተኛ መጠን ይባላል። መለኪያው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሳንቲም አዋቂ የነበረው የካርል ሬይንሆልድ ቤርክ ነው። እስካሁን ይሠራበታል። የንጉሡ ሜዳልያ ከተሰጠህ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ስንተኛ መጠን?» ተብለህ ነው።

ከሜዳልያዎቹ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ግን ትልቁ አይደለም። ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጥ አንድ የወርቅ ሜዳልያ አለ። «ለመንግሥት አገልግሎት በትጋትና በታማኝነት» የሚል ስም አለው። 30 ዓመት መንግሥትን ያገለገለ ሠራተኛ ያገኘዋል። ጸሐፊም ይሁን ዳይሬክተር፣ መጠኑ አንድ ነው። ሠራተኛው ሜዳልያ ካልፈለገ በምትኩ ሰዓት ወይም ክሪስታል መምረጥ ይችላል።

እዚህ እኔ ካለሁበት ሰፈር አንዲት ሴት አሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት በደርግ ጊዜ ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ በመዝገብ ክፍል ጀምረው እዚያው ጡረታ ወጡ። ቤታቸው ቡና ስንጠጣ ከብፌው ላይ ትንሽ ሣጥን አውርደው አሳዩኝ። ክዳኑ ሲከፈት ከጣት ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ ወርቅ ነገር ሰማያዊና ቢጫ ሪባን ላይ ተኝቷል። ከፊት የንጉሡ መልክ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ላገለገለ ሰው ይሄ ያንሳል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። እኔ ግን የጠየቅኳቸው ስለ ምርጫው ነው።

«እትዬ፣ ሰዓቱ አይሻልም ነበር?»

«ሰዓትማ አለኝ ልጄ» አሉኝ። «ይሄን ለልጅ ልጆቼ አሳያለሁ። ሰዓት ምን ብዬ አሳያለሁ?»

ሣጥኑን ዘግተው መለሱት። ሁለተኛውን ጀበና ጣዱ። ስዊድንኛቸው አሁንም አዲስ አበባ አዲስ አበባ ይላል፤ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤታቸው ባዘጋጀው ድግስ ላይ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ነበር የሄዱት። ፎቶው ብፌው ላይ ቆሟል።

በእኩልነት ስም ኒሻንን ያስተኛች አገር ይሄን ሜዳልያ አላስተኛችም። ምክንያቱ ይገባኛል። ሰው ሥራውን አንድ ሰው እንዳየለት ማወቅ ይፈልጋል። ደመወዝ ይሄን አይተካም። ባልደረባ የሚያመጣው ኬክም አይተካውም። ያየው መንግሥት ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ መንግሥት ማለት ሁሉም ሰው ነዋ።

አሁን ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ልውሰዳችሁ።

ሪዳርሆልም ከስቶክሆልም አሮጌ ከተማ አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ቤተ ክርስቲያኑ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፍራንሲስካን መነኮሳት ገዳም ሆኖ ነው የተሠራው። በ1835 መብረቅ መትቶት ጉልላቱ ተቃጠለ። ዛሬ ከሩቅ የሚታየው ክፍትፍት ያለ ጥቁር ጉልላት ከዚያ በኋላ ከብረት የተሠራ ነው። ከጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ ጀምሮ እስከ ጉስታፍ 5ኛ ድረስ አብዛኞቹ የስዊድን ነገሥታት የተቀበሩት እዚህ ነው። ግድግዳው ግን የነገሥታቱ ብቻ አይደለም። ከላይ እስከ ታች በመዳብ ላይ በተሳሉ አርማዎች ተሸፍኗል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የሱራፌል ኒሻን የተቀበለ ሰው አርማ ይሳልለታል። በሕይወት እስካለ አርማው ቤተ መንግሥት ውስጥ ይቀመጣል። ሲሞት፣ በተቀበረበት ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት የሪዳርሆልም ትልቁ ደወል ይደወላል። አንድ ሰዓት ሙሉ። አርማውም ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዘመዱም ሆነ ቱሪስቱ ከዚያ በኋላ እዚያ ያገኘዋል።

ዲሴምበር 15 ቀን 2013 ኔልሰን ማንዴላ ኩኑ መንደር በተቀበሩበት ቀን ስቶክሆልም ላይ ያ ደወል ተደወለ። ማንዴላ የሱራፌል ኒሻን ነበራቸው። እሑድ ነበር። በአንድ አፍሪካዊ ገበሬ መንደር የሚወርድ ሬሳ ሣጥንና በበረዶ አገር የሚደወል ደወል በአንድ ቀን ተገናኙ። ኒሻን ለምን ያስፈልጋል የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ይሄን ነው የምነግረው። የወርቁ ዋጋ አይደለም ነገሩ። አንድ አገር ለአንድ ሰው «ቀንህ ሲደርስ እናስታውስሃለን» ብሎ ቃል ይገባል፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ደውሉን የሚደውል ሰው በቦታው ይገኛል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የሱራፌል ኒሻን ተሸላሚ ነበሩ። ስዊድንን ሁለት ጊዜ የጎበኙበት ዘመን ሩቅ ለሩቅ ነው። በ1924 ገና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳሉ መጡ። በ1954 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው። በመሀል በ1935 መጀመሪያ የስዊድን አልጋ ወራሽ ጉስታፍ አዶልፍ ከቤተሰቡ ጋር አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጣልያን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን ድንኳን በቦምብ ደበደበ። በ1954 ንጉሠ ነገሥቱን ስቶክሆልም ላይ የተቀበሏቸው እኚያው ጉስታፍ አዶልፍ ናቸው፤ ነግሠው። የሁለቱ ሰዎች ትውውቅ የወረቀት አልነበረም። በዚያው ጉዞ ኮፐንሃገን ላይ የዴንማርክ የዝሆን ኒሻንም ተሰጣቸው።

ሥርዓቱ ግን የቀብር ቀን ይፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ኦገስት 1975 ሲሞቱ የቀብር ቀን አልነበራቸውም። አስከሬናቸው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከወለል በታች ተደብቆ ዓመታት ቆየ። የተገኘው በ1992 ነው። መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት በ2000 ኖቬምበር ነው። 25 ዓመት። በፖለቲካቸው የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል፤ እኔም የራሴ አቋም አለኝ። ሰውን ያለ ቀብር ማስቀረት ግን ከፖለቲካ ውጭ የሆነ በደል ነው።

ዴንማርክን ካነሳሁ አይቀር የዝሆን ኒሻኑን ትንሽ ልበል። በአሁኑ መልኩ በ1693 ያቋቋመው ክርስቲያን 5ኛ ነው። ምልክቱ በእርግጥም ዝሆን ነው። ነጭ ዝሆን፣ ጀርባው ላይ ግንብ የተሸከመ፣ አንገቱ ላይ ነጂ የተቀመጠበት። የተሸለሙት ሰዎች አርማ የሚሰቀለው ፍሬድሪክስቦርግ በሚባለው ግንብ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። የፊዚክሱ ሊቅ ኒልስ ቦር በ1947 ሲሸለም የቤተሰብ አርማ አልነበረውም። ራሱ አዘጋጀ። መሀሉ ላይ የቻይናዎቹን ዪንና ያንግ አደረገ፤ «ተቃራኒዎች ይሟላሉ» የሚል መፈክርም ጻፈበት። ዕድሜውን የፈጀበት ሳይንስ ይሄው ነበር። ከዱኮችና ከነገሥታት አንበሳና ንስር መሀል ያ ክብ ምልክት ዛሬም እዚያ አለ።

ዴንማርኮች አንድ ትልቅ ሕግ አላቸው። የዝሆን ኒሻን ያንተ አይደለም። ስትሞት ወራሾችህ ይመልሱታል። ለሌላ ሰው ይተላለፋል። ገበያ አይወጣም፣ ልጆች አይካፈሉትም። አገሩ አበደረህ፤ አገሩ ይወስደዋል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የክብር ሐሳብ የለም።

ደካማ ጎንም አለው። ርዕሰ ብሔር ሲጎበኝ ኒሻን ይሰጣጣል። ይሄ የዲፕሎማሲ ወግ ነው። ወጉ ሰውየውን አያይም። የሩማንያው መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ የዝሆን ኒሻን ነበረው። የሩማንያ ሕዝብ በ1989 ዲሴምበር ሲነሳበት ዴንማርክ ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዘች። በጣም ዘገየች። እውነተኛው ጥያቄ ግን መጀመሪያ ለምን ሰጠችው የሚለው ነው። ሕዝቡን የሚያስርና የሚያስርብ ሰው የዝሆኑን ሰንሰለት አጥልቆ ፎቶ ሲነሳ፣ ያንን ፎቶ አገር ቤት ለምን እንደሚጠቀምበት ሁላችንም እናውቃለን። ለውጭ መሪ በጉብኝት ምክንያት ብቻ የሚሰጥ ኒሻን ቢቀር እኔ አላዝንም።

ወደ ስዊድን ልመለስ። የማስተኛቱ ነገር ዓመታት ሲቆይ ችግሩ ታየ። የስዊድን ንጉሥ ለውጭ አምባሳደር ኒሻን መስጠት ይችላሉ፤ ለገዛ አገራቸው ሳይንቲስት ግን አይችሉም። ስዊድናዊቷ የፈረንሳይን ወይም የኖርዌይን ኒሻን ታደርጋለች፤ የራሷን አገር አታደርግም። ፓርላማው በ2019 ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ተጠና፣ በ2022 ተወሰነ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 አራቱም ኒሻኖች ለስዊድናውያን ተከፈቱ። የሰሜን ኮከብም ጥቁር ሪባኑን መልሶ አገኘ።

ያስደሰተኝ መመለሱ ብቻ አይደለም፤ የተመለሰበት መንገድ ነው። የ1973ቱ ተቺዎች ያነሱት ነገር አልተረሳም። ኒሻን ከወንበር ጋር አብሮ መምጣቱ ቀረ። መለኪያው ሰውየው በግሉ ለስዊድን ወይም ለስዊድን ጥቅም የሠራው ሥራ ሆነ። ማንኛውም ሰው ሌላውን መጠቆም ይችላል።

በሜይ 31፣ 2024 የመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች ቤተ መንግሥት ተጠሩ። ከመሀላቸው አባ (ABBA) የሚባለው የስዊድን የሙዚቃ ቡድን አራቱ አባላት ነበሩ፤ አኜታ፣ ቢዮርን፣ ቤኒና አኒ ፍሪድ። የተሰጣቸው የቫሳ ኒሻን ነው፤ የነዶው፣ አረንጓዴው። እነዚህ ሰዎች ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ያሸነፉት በ1974 ነው። ኒሻኑ ሊተኛ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ዓለምን ሲያስጨፍሩ፣ ሲለያዩ፣ ሲያረጁ ኒሻኑ ተኝቶ ነበር። በሃምሳ ዓመቱ ተገናኙ። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ሰዎቹ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ገና ትናንት የተሸለመ ተማሪ ይመስላሉ፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ዘፋኝ ኒሻን ምን ያደርግለታል ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ጉስታቭ 3ኛ ያን ነዶ ያሰረው ለዚህ ይመስለኛል። የሰው ልፋት ከአገር ወጥቶ ለአገር ስም ካመጣ፣ እርሻም ሆነ ዘፈን፣ ነዶ ነው።

ስለ እኛስ? አያቴ አርበኛ ነበሩ። ከድል በኋላ የተሰጣቸው ሜዳይ ነበር። በደርግ ጊዜ አያቴ፣ ሚስታቸው ማለቴ ነው፣ ሜዳዩን በጨርቅ ጠቅልላ ከእህል ሥር አኖረችው። የንጉሥ ዕቃ ቤት ውስጥ መገኘቱ ያስፈራ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ከእህሉ ወጣ። ዛሬ አጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ አለ። የብዙዎቹ ግን እንዲህ አልሆነም። ከቤት ወጥተው ተሸጡ፣ ተሰረቁ፣ ከአገር ወጡ። የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን በለንደንና በሌሎች ከተሞች ጨረታ ላይ ሲሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ቁጥር ይለጠፍበታል። ሥዕሉን ያነሳል ገዢው፣ ማን እንደለበሰው አይጠይቅም።

ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ሥር የሚሰበሰቡትን አባቶች አስቡ። የአንበሳ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ደረት ሙሉ ሜዳይ። ሜዳዩን የሰጠው መንግሥት ወድቋል። ከዚያ በኋላ የመጣውም ወድቋል። እነሱ ግን በየዓመቱ አጽድተው፣ ወልውለው ያደርጉት ነበር። የሚመዘግባቸው መሥሪያ ቤት ሳይኖር፣ ማንም አርማቸውን ሳይሰቅል፣ ማንም ደወል ሳይደውል። ኒሻኑን የጠበቁት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ስዊድን ያላትና እኛ ያጣነው ይሄ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ የማይለወጥ መዝገብ ቤት። የንጉሥ መሆን የለበትም። ሪፐብሊክም ኒሻን ይሰጣል፤ ፈረንሳይ ከናፖሊዮን የወረሰችውን ኒሻን ዛሬም ትሰጣለች። የሚያስፈልገው ዝርዝሩን የማያቃጥል ሰው ነው። የዛሬው ገዢ የትናንቱ ገዢ ያከበረውን ሰው ስም እንዳይሰርዝ የሚከለክል ደንብ ነው።

እኔ በበኩሌ የጥቆማ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ እሱም አያውቅም። በሰሜን ስቶክሆልም ካሉት የስደተኛ ሰፈሮች በአንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው የሚመጡበት ክፍል አለው። ሒሳብ ነው የሚያስጠናው። ሶማሊው፣ ሀበሻው፣ ሶሪያው፣ ስዊድኑም ይመጣል። ከእሱ እጅ ያለፉ መሐንዲሶችና ነርሶች ስንት እንደሆኑ ስጠይቀው «እኔ ምኑን ልቁጠረው» አለኝ። እኔ ግን እየቆጠርኩ ነው። ያሉበትን እያፈላለግኩ፣ እየደወልኩ፣ ምን እንዳደረገላቸው አንድ በአንድ እየጻፍኩ። ደብዳቤው ሲያልቅ በስዊድንኛ ያርምልኝ ዘንድ ለአንዷ የድሮ ተማሪው እልከዋለሁ። ዛሬ የምትሠራው ፍርድ ቤት ነው።